የዕፅዋት ሥዕል በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ

የዕፅዋት ሥዕል የአንድን ተክል መጠን፣ ቅርጽ፣ ቀለምና ልስላሴ ወይም ሸካራነት ዓይነቱ እስኪለይ ድረስ የሚያሳይ የሥዕል ዘርፍ ነው። ከጌጥ ሥዕል የሚለየው ሠዓሊው ደስ ያለውን ሳይሆን ያየውን እንዲያስቀምጥ ስለሚያስገድደው ነው። ነገሌ ቦረና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የጽድ ደን ከግራርና ከከርቤ ቁጥቋጦ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ፊልቱና ዶሎ፣ ወደ ያቤሎና ሞያሌ የሚዘረጋው ቆላ ለዚህ ሙያ ጀማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በአብዛኛው ዓመት ቅጠሉ ጥቂት፣ ቅርፊቱና እሾሁ ግን ብዙ በመሆኑ ተማሪው በአረንጓዴ ቀለም መሸሸጊያ አያገኝም።

ታሪክ

በብራና መጻሕፍት ገጾች ላይ የሚሳለው ሐረግ ዕፅዋትን የሚያስታውስ ጌጥ ቢሆንም፣ የአንድን ዝርያ መልክ ለማስተማር የተሠራ አይደለም። በኢትዮጵያ ተክልን ለመለየት ከተሠሩት ቀደምት ሥዕሎች መካከል ዋነኞቹ በ1737 እ.ኤ.አ. ቦሎኛ የተወለደው የሉዊጂ ባሉጋኒ ሥራዎች ናቸው። ባሉጋኒ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጋር መጥቶ ኮሶንና እንሰትን የመሳሰሉ ተክሎችን ከሳለ በኋላ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የባልደረባውን ድርሻ ሸሸገ። ባሉጋኒ የሚገባውን ስም በሰፊው ያገኘው በ1991 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹ በስሙ በመጽሐፍ ሲታተሙ ነው።

ብሩስና ባሉጋኒ ወደ ደቡብ ቆላ አልደረሱም። አካባቢው በአውሮፓ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ጉዞ ነበር። በጉዞው የተሳተፈው ዶሜኒኮ ሪቫ በ1892 እና 1893 እ.ኤ.አ. የሰበሰባቸው ናሙናዎች ደርቀው ወደ ጣሊያን ተላኩ። ቦስዌሊያ ሪቫኤ የተባለው የዕጣን ዛፍ የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። የደረቀ ናሙና ቅርጽን ለብዙ ዘመን ያቆያል፤ የአበባውን ቀለምና የሥጋማ ግንድን ሙላት ግን ያጣል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ከሕያው ተክል የተሠራ ሥዕል ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባለ 8 ቅጹን «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» በ10 መጻሕፍት አሳተመ። የነገሌ አካባቢ ተክሎች በዚህ ሥራ ውስጥ ሲዳሞ በሚለው ክልል ሥር ተመዝግበዋል። የመጻሕፍቱ ሥዕሎች በጥቁር ቀለም የተሠሩ መስመሮች ስለሆኑ፣ የደቡቡ ቆላ ዕፅዋት በቀለም ገና ብዙ ሥራ ይጠብቃቸዋል።

መለካትና መስመር

ሥራው የሚጀመረው በመለካት ነው። የቅጠሉ ርዝመት፣ የእሾሆቹ ርቀትና የአበባው ስፋት በኮምፓስ እየተለካ በእርሳስ ይነደፋል። ሥዕሉ ከተክሉ ካነሰ ወይም ከበለጠ የመጠን መስመር ከሥሩ ይሰመራል። ብርሃን በልማድ ከላይ ከግራ እንደሚመጣ ተደርጎ ይያዛል። ተቆርጦ የመጣ ቅርንጫፍ ቶሎ ስለሚጠወልግ መጀመሪያ አበባው፣ ቀጥሎ ቅጠሉ፣ በመጨረሻ ቅርፊቱ ይሳላል።

ቀለም

በቀለም ሣጥን ውስጥ ያለው አረንጓዴ ለቆላ ቅጠል እጅግ ይደምቃል። የተሻለው መንገድ ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅሎ ጥቂት ቀይ በመጨመር ማደብዘዝ ነው። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚነጣ፣ ቅልቅሉ በዚያው ዓይነት ወረቀት ቁራጭ ላይ ተሞክሮ ከደረቀ በኋላ ከቅጠሉ ጎን ተይዞ ይነጻጸራል። የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያጠፋው ጥዋት በጥላ ሥር መሥራት ይመረጣል።

ወቅቱም ቀለሙን ይወስናል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው፣ ቦረናዎች ገና በሚሉት ዝናብ ቁጥቋጦው ይለመልማል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው ሐገያ የሚባለው ዝናብ አጠር ያለ ነው። በቦና፣ ማለትም በበጋው፣ እሬት ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉ ወደ ቀይ ቡኒ ያዘነብላል። ስለዚህ ቀኑ ያልተጻፈበት የቀለም ሥዕል ግማሽ መረጃ ነው።

ቅርፊትና እሾህ

ኦሮሞዎች ሀሜሳ የሚሉት ኮሚፎራ አፍሪካና ለቅርፊት ትምህርት ይመቻል። የግንዱ ውጫዊ ልባስ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይጠቀለላል፤ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴማ ገጽ ይታያል። ሠዓሊው መጀመሪያ አረንጓዴውን በስሱ ቀብቶ ያደርቃል፤ ከዚያ የልጣጩን ጠርዝ በጥቁር ግራጫ ጥላ ያነሣዋል። ልጣጩ ከግንዱ የተነሣ የሚመስለው ከሥሩ ባለው ጠባብ ጥላ እንጂ በልጣጩ ላይ በሚደረግ ብዙ መስመር አይደለም።

ፉሌንሳ የሚባለው ግራር በዋልካ አፈር ላይ ይበቅላል። ከቀጥታና ነጣ ካሉ እሾሆቹ የአንዳንዶቹ ግርጌ ያብጥና የጉንዳን ቤት ይሆናል። እባጩ በለጋነቱ ለስላሳና ቀላ ያለ ነው፤ ሲያረጅ ይደርቅና ይጠቁራል፤ በጉንዳኖቹ ቀዳዳዎች ነፋስ ሲገባም ያፏጫል። ነጩ እሾህ በነጭ ቀለም አይቀባም፤ ወረቀቱ ባዶ ይተውና ጎኑ በጥላ ይከበባል። እባጩ ክብነቱን የሚያገኘው የፊተኛው ቀለም ከደረቀ በኋላ በሚደራረብ ስስ ቀለም ነው። ጥቃቅን ስንጥቆቹ ደግሞ ውሃው በተጨመቀ ብሩሽ ይሠራሉ። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ጥቅም

ሳይንሳዊ ስሞች ይለወጣሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በቪየና ከተደረገው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ ወዲህ የአፍሪካ ግራሮች አካሲያ መባላቸው ቀርቶ ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ በሚሉ ወገኖች ሥር ተመድበዋል። ከለውጡ በፊት በትክክል የተሳለ ፉሌንሳ ግን ዛሬም ትክክል ነው። ፎቶግራፍ አንዱን ቅርንጫፍ በአንድ ቅጽበት ሲያሳይ፣ ሥዕል አበባውን፣ ፍሬውንና የተከፈተ ዘሩን በአንድ ገጽ ያሰባስባል።

ለመጀመር እርሳስ፣ ለስላሳ ወፍራም ወረቀትና ሦስት መሠረታዊ ቀለሞች ይበቃሉ። በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከግቢያቸው ግራር ሥር አስቀምጠው እንዲለኩና እንዲስሉ ሊያደርጉ ይገባል። በእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባም የተክሉ የኦሮምኛ ወይም የሶማሊኛ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ፤ ይህ የሌለው ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር ለተመራማሪ አያገለግልም።