ርስት በሳምንት፣ ግብር በየዓመቱ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ያስታወሰኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥጋ ዘመዴ «እስቲ አንብብልኝ» ብለው የሰጡኝ ወረቀት ነው። እኒህ አባት በዋሽንግተን አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱና ሻንጣ ሲሸከሙ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱ ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ፈረንጆቹ «ታይምሼር» የሚሉትን በዓመት የአንድ ሳምንት ማረፊያ ገዝተዋል። «ለልጆቼ የማወርሰው ርስት ነው» አሉኝ በኩራት።

እኔ ደግሞ መሐንዲስ ነኝና በሥራ ጉዞ ባጠራቀምኩት የሆቴል ነጥብ በዚያው ዓመት ከነቤተሰቤ እንዲህ ባለ ስፍራ አምስት ሌሊት አድሬ ተመልሻለሁ። ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ የልብስ ማጠቢያው ሁሉ ያው ነው። ቡና እንኳ አፍልተንበታል። እሳቸው ባለርስት፣ እኔ የመንገድ እንግዳ! ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ በታሪኩ ውስጥ ነውና አንባቢ ይከተለኝ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የተወለደው አውሮፓ ነው። በ1963 የተመሠረተው ሀፒማግ የተባለ የስዊስ ኩባንያ አክሲዮን የገዙ ሰዎች በኩባንያው ማረፊያ ቤቶች በተራ እንዲጠቀሙ አደረገ። በ1970ዎቹ ሐሳቡ አሜሪካ ሲደርስ የነዳጅ ቀውስና የኢኮኖሚ ድቀት ፍሎሪዳ ውስጥ ገዢ ያጡ ኮንዶሚኒየሞችን አስቀርቶ ነበር። ሙሉ ቤት የሚገዛ ሲጠፋ ዓመቱን በሳምንት ቆራርጦ መሸጥ ተጀመረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ንግዱ በዚያ ምድር የተስፋፋው የገዢው ፍላጎት አስገድዶ ሳይሆን የሻጩ ችግር ገፍቶት ነው።

ነጥብ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኛውን በበረረው ማይል ልክ መሸለም ጀመረ። በ1983 ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት ዘዴውን ወደ ሆቴል አመጡት። ማሪዮት በ1927 በዚችው ብዙዎቻችን በምንኖርባት ዋሽንግተን በአንዲት የለስላሳ መጠጥ መሸጫ የተጀመረ፣ የመጀመሪያ ሆቴሉንም በ1957 ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ላይ የከፈተ ድርጅት ነው። በ1984 በሳውዝ ካሮላይናዋ ሂልተን ሄድ ደሴት በኩል ወደ ታይምሼር ገባ። ሂልተንም በ1992 የራሱን የታይምሼር ኩባንያ አቋቋመ። ሁለቱ ወንዞች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ እኔ በነጥብ ያደርኩበት ክፍል ከየት መጣ? ከፊሉ ገና ያልተሸጠ ሳምንት ነው። ከፊሉ ደግሞ ባለቤቱ «ዘንድሮ አልሄድም» ብሎ በሆቴል ነጥብ የለወጠው ነው። ያ ሳምንት ወደ ሆቴሉ መዝገብ ይገባና እንደ እኔ ላለው ይሰጣል። በነጥብ አራት ሌሊት ለያዘ እንግዳ አምስተኛውን በነጻ የሚሰጡም አሉ። የጣሪያውን፣ የመዋኛውን፣ የአትክልተኛውን ዓመታዊ ወጪ ግን የሚሸከመው ባለ ሳምንቱ ነው፤ ቢሄድም ባይሄድም።

በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት ባለርስት መሬቱን ያርሳል፣ ባለ ጉልት ግብሩን ይሰበስባል። ዘመዴ ርስት የገዙ መሰላቸው፤ ነገር ግን ግብር የሚከፍሉበት እንጂ የሚያርሱት መሬት የላቸውም። ሊሸጡት ሲያስቡ ተመሳሳይ ሳምንት በጥቂት ዶላር ቀርቦ ገዢ ያጣበትን ገበያ አሳየኋቸው። ዝም አሉ።

በእኔ ብልጠት ልኩራራ ብልም አላምርም። ነጥብም የኔ አይደለም። ዋጋውን የሚተምነው ሰጪው ነው። ማሪዮት በ2022 ቋሚውን የነጥብ ዋጋ ሰንጠረዥ ሲያነሣ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም። የታይምሼር ክንፎቹም ከእናት ድርጅቶቻቸው ተለይተዋል፤ የማሪዮቱ በ2011፣ የሂልተኑ በ2017። ስሙ በውል ቀርቷል እንጂ ቤቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ነጥብን ማጠራቀም ሳይሆን ቶሎ መብላት ነው የሚበጀው።

የፍሎሪዳ ሕግ ለገዢ ውሉን የሚሰርዝበት 10 ቀን ይሰጣል። ዘመዴ ወረቀቱን ያሳዩኝ ከወራት በኋላ ነው። «ለምን ቀደም ብለው አልጠየቁኝም ጋሼ?» ብላቸው፣ «ሃያ ዓመት የሌላውን አልጋ አንጥፌ፣ አንድ ሳምንት የራሴ አልጋ ላይ ልተኛ ብዬ ነዋ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻጩ የሸጠላቸው ክፍሉን ሳይሆን ይህንን ምኞት ነበር።

በመጨረሻ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጆቼ የግድ ይወርሱታል?» ወራሽ ሳይጠቀምበት፣ በጊዜው፣ በጽሑፍ «አልቀበልም» ሊል እንደሚችል ነገርኳቸውና ወደ ሕግ አዋቂ ወሰድኳቸው። ለልጅ ርስት ማውረስ ወግ ባለበት አገር ተወልደው፣ ልጆቻቸው ርስታቸውን እንዴት እንደሚክዱ ሲያጠኑ ማየት ግን ያሳዝናል። ከአዳራሹ ነጻ ቁርስ በፊት ቤተሰብ መክሮ ይሂድ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።