ከባንክ ወደ ምክር ቤት፦ ቡልቻ ደመቅሳ

በአሜሪካ ነጋዴ ኮንግሬስ ገባ ቢባል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በእኛ አገር ግን ነጋዴ ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር፤ ግብር ይከፍላል እንጂ ሕግ አያወጣም። አቶ ቡልቻ ደመቅሳን ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ወለጋ፣ ቦጂ የተወለዱት እኚህ ሰው በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ ኋላም በዓለም ባንክ ሠሩ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ወረሰ። ለግል ባንክ በር የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ነው። አቶ ቡልቻም ሰው አሰባስበው አዋሽ ባንክን መሠረቱ፤ 486 ባለአክሲዮኖች፣ 24.2 ሚሊዮን ብር። ሥራ የጀመረው በየካቲት 1987 ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ከበርቴ ኪሱን ገልብጦ ሳይሆን የብዙ ሰው ጥሪት ተጠራቅሞ ነው። (እኛ የእንዳ ኢየሱስ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለአዲ ሐቂ ተማሪዎች ብቻ ትተንላቸዋል፤ ምነው?)

በ1997ቱ ምርጫ ፓርቲያቸው ኦፌዴን ከ547 ወንበር 11 አገኘ። ቅንጅት አልገባም ሲል እሳቸው ገቡ። ይህ ለገዢው ፓርቲ ማጀብ ነው የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። በ11 ድምፅ ማንም አይረታም፤ እውነት ነው። ግን ሚኒስትር ፊት ቆሞ በጀቱን የሚጠይቅ፣ ያውም ራሱ በጀት ሲሠራ የኖረ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ባዶ ወንበር ምን ያስመዘግባል?

በ2002ቱ ምርጫ ለተቃዋሚ ፓርቲዎች አንድ ወንበር ብቻ ተረፈ፤ እሱም የኦፌዴን አልነበረም። አቶ ቡልቻ በ2017 ዓ.ም. አረፉ።