ስንቁን ማን ተሸከመው?

ስለ 1933 ዓ.ም. ድል ስንማር የምንሸመድደው የጄኔራሎችን ስም ነው። እስቲ ዛሬ ከናዝሬት (ከአዳማ) እንነሳና ሌላ ነገር እንጠይቅ፦ ጥይቱን፣ ቤንዚኑን፣ ዱቄቱን ማን አመጣው?

ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር የካቲት 18 ቀን ሞቃዲሾን ያዘ። ወደ ሐረር በገፋ ቁጥር ግን ስንቁ ከኋላ እየራቀው ሄደ። መንገዱ ያጠረለት መጋቢት 7 ቀን የበርበራ ወደብ ከጣሊያን እጅ ሲወጣ ነው። ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ ቢያፈርስም ጦሩ ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወደ ሐይቆቹ ሲዞር ዝናብና ጭቃ ጠበቀው፤ ሻሸመኔ የተያዘችው ግንቦት 6 ቀን ነው። በዚያ ጭቃ ካሚዮን የነዳው፣ የሰጠመውንም ጎማ የገፋው ጄኔራሉ አይደለም።

ማን ነበር ታዲያ? ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ለጉልበት ሥራ የተመለመለው ወዛደር ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥትም ጥቁሩን ሰው ጠመንጃ ከልክሎ መሪና አካፋ አስይዞታል። መኪናው የሄደበት መንገድ ራሱ ጣሊያን ያሠራው ነው፤ እዚያም ላይ የአገራችን ሰው ድንጋይ ፈልጧል፤ ክፍያው ግን ከነጩ ጋር አንድ አልነበረም።

በአርበኞቹም በኩል ቢሆን ከተኳሹ ጀርባ ፈጪና ጋጋሪ፣ ስንቅ አቀባይ ነበረች። ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ጥይትና መድኃኒት በስውር ስትልክ ተይዛ ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዘች። ስትመለስም ትግሉን አልተወችም። የእርሷን ስም እንኳ እናውቃለን፤ የእነዚያን የሌሎቹን ማን መዘገበው?

በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ። ከናዝሬት አጠገብ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው በጦር ካሣ ገንዘብ ነው። መብራቱን አየነው፣ ደግ ነው። ነገር ግን ካሣው ከመንግሥት ወደ መንግሥት ነው የሄደው እንጂ ለተሸካሚው አይደለም።

ጦርነት የሚዋጋው በጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ በትከሻም ነው። የትከሻው ታሪክ ደግሞ በጄኔራሎች ማስታወሻ ውስጥ ተሟልቶ አይገኝም። ያንን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ጥቂት ናቸው፤ ልጆቻቸው ግን በሞጆም፣ በዝዋይም፣ በሻሸመኔም አሉ። ለእረፍት ቤት ስንገባ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፣ እንጻፈውም። እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?