ባንዲራውን ትተው ዱላውን ከለከሉ

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የዛሬው ወግ ከአሜሪካ ደቡብ ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ፣ ኦክስፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ። መዝገቡ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ይለዋል፤ አገሬው ግን «ኦል ሚስ» ነው የሚለው። የእግር ኳስ ቡድኑ ደግሞ «ሬብልስ» ይባላል፤ አማፅያኑ እንደ ማለት። (እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱን በእጃቸው ታቅፈው ነው የሚሮጡት።) አማፅያኑ እነማን ናቸው ያላችሁኝ እንደሆነ፣ በ1861 ከአሜሪካ ተገንጥለው፣ ባርነት እንዳይነካባቸው ጦር የመዘዙት የደቡብ ኮንፌዴሬቶች ናቸው።

በዚያ ጦርነት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደብተራቸውን ጥለው ዘመቱ። በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ወደ ጠላት ምሽግ የሮጡት ልጆች አንዳቸውም በደህና አልተመለሱም፤ አንዳንዱ ሞተ፣ ሌላው ቆሰለ፣ የቀረው ተማረከ። በ1906 ለኮንፌዴሬት ወታደሮች ግቢው ውስጥ ሐውልት ቆመ። የእናቶቹን ሐዘን አልንቅም። ለቅሶ ለቅሶ ነው፤ የተዋጉለት ዓላማ ቢከፋም።

ባንዲራው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ስታዲየሙን ያጥለቀለቀው የኮንፌዴሬት ባንዲራ ከጌቲስበርግ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1948 ነው የገነነው፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ለጥቁሮች የዜግነት መብት ቆሜያለሁ ሲሉ የደቡብ ፖለቲከኞች አኩርፈው ከፓርቲያቸው በተገነጠሉበት ዓመት። «ሬብልስ» የሚለውም ስም የወጣው በ1936 ነው። ታዲያ በኋላ «የአያቶቻችንን ቅርስ አትንኩብን» እያለ የሚጮኸው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የሚከላከለው የአባቱን ዘመን ነበር።

1962 ደረሰ። ጄምስ ሜሬዲዝ የሚባል ጥቁር፣ አየር ኃይል ያገለገለ ሰው፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊመዘገብ መጣ። መስከረም 29 ቀን ጃክሰን ከተማ ላይ የቡድኑ ጨዋታ ለዕረፍት ሲቆም፣ አገረ ገዥው ሮስ ባርኔት ማይክራፎን ይዘው ሕዝቡን አሟሟቁት። ባንዲራው ተውለበለበ፤ ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። በማግስቱ ሌሊት ግቢው ውስጥ ሁከት ተነሣ፤ ሁለት ሰው ሞተ፣ አንዱ ለዘገባ የመጣ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጦር አዘመቱ። ሲነጋ ሜሬዲዝ በፌዴራል ማርሻሎች ታጅቦ ተመዘገበ።

ከዚያ ወዲያ ጥቁር ተማሪው እየበዛ ሄደ፣ ባንዲራው ግን እዚያው ነበር። በ1982 ጆን ሆኪንስ ቡድኑን በጭፈራ የሚያበረታቱት ተማሪዎች ዘንድ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ገባ። ልማዱ ባንዲራውን ይዞ ሜዳ መውጣት ነው። አልይዝም አለ። በዓመቱ ዩኒቨርሲቲው «ይህ ባንዲራ የእኔ ምልክት አይደለም» ሲል አስታወቀ። ደጋፊው ምን አደረገ? ከቤቱ እያመጣ ማውለብለቡን ቀጠለ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ዘመኑ 1997 ነው። አሰልጣኙ ቶሚ ተበርቪል ጥሩ ጥሩ ጥቁር ልጆችን ልመለምል ስሄድ ይህ ባንዲራ መንገድ ይዘጋብኛል ብሎ ተማረረ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ሮበርት ካያት ናቸው፤ የሊባኖስ ስደተኞች ዘር፣ ራሳቸው ለኦል ሚስ የተጫወቱ። ባንዲራ እንዳይከለክሉ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የንግግር ነፃነት ይላል። ታዲያ ምን ያድርጉ? ዱላ ከለከሉ! ለተመልካቹ ደህንነት ሲባል ስታዲየም ውስጥ ዱላ አይገባም፣ ጃንጥላም አይገባም ተባለ። ባንዲራ ያለ ዱላ ምን ይሆናል? ጨርቅ ነው። አንድ የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ጠበቃ መብቴ ተነካ ብሎ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተከራከረና በ2000 ተረታ። ስለ ቅርስ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ብልጠት ግን አልገጠመኝም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ኮሎኔል ሬብ የሚባለው፣ ጢሙን ያሾለ የእርሻ ጌታ የሚመስለው የቡድኑ ምልክት በ2003 ከሜዳ ተነሣ። በ2009 የሙዚቃ ጓዱ አንድ ዘፈን እንዲተው ታዘዘ፤ ደጋፊው መጨረሻው ላይ «ደቡብ ዳግም ትነሣለች» እያለ ይጮህ ነበርና። የነጭ የበላይነት አቀንቃኞቹ ኩ ክሉክስ ክላኖች ቆባቸውን ደፍተው ለተቃውሞ መጡ፤ ደርዘን ያህል ቢሆኑ ነው። በኮሎኔሉ ቦታ ጥቁር ድብ ተመረጠ፣ ድቡን የወደደው አልተገኘም፤ በኋላ በሻርክ ተተካ።

እኛ መስቀል አደባባይን አብዮት ሲሉት፣ አብዮትን መልሰው መስቀል ሲሉት ያየን ሰዎች ነን። እኛ ዘንድ መንግሥት ሲወድቅ ስምም አብሮ ይወድቃል። ሚሲሲፒ ላይ ግን የወደቀ መንግሥት የለም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ልጅ ከአባቱ እየተጨቃጨቀ ነው አርባ ዓመት የሄደው።

የግዛቲቱ ባንዲራ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከ1894 ጀምሮ ማዕዘኑ ላይ የኮንፌዴሬቶቹን መስቀል የያዘ ነበር። በ2000 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? በ1906 ሕጎቹ እንደገና ሲጻፉ የባንዲራው አንቀጽ ተዘሏል! ያ ባንዲራ ለ94 ዓመት ሕጋዊ አልነበረም። በ2001 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና 64 በመቶው አሮጌው ይቆይ አለ። እንግዲህ ሕዝብ ከወሰነ አለቀ ይባላል አይደል?

አላለቀም። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ጥቁር በፖሊስ እጅ ተገደለ፣ አሜሪካ ተንቀጠቀጠች። በሰኔ አጋማሽ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ይህ ባንዲራ ባለበት ሻምፒዮና አናደርግም አለ። የሌላው የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ፣ የሚሲሲፒ ስቴት፣ የእግር ኳስ ኮከብ ካይሊን ሂል ባንዲራው ካልተቀየረ አልጫወትም አለ። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቱ ኅብረት ይውረድ አለ፤ ዋልማርት ከመደብሮቹ አነሣው፤ አሰልጣኞቹ ምክር ቤት ድረስ ሄደው ለመኑ። ሰኔ 28፣ እሑድ ቀን፣ ታችኛው ምክር ቤት 91 ለ23፣ ላይኛው 37 ለ14 ባንዲራው እንዲወርድ ወሰኑ። ስብከትና ልመና ስንት ዘመን ያቃተውን ኳስ በሁለት ሳምንት ጨረሰው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ሜዳውን የሚሞሉት ጥቁር ልጆች ያኔ ጉልበታቸውን አወቁ።

በኅዳር ሕዝቡ ማግኖሊያ አበባ ያለበትን አዲስ ባንዲራ ወደ 73 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ተቀበለው። የ1906ቱም የወታደር ሐውልት በዚያው ዓመት ከግቢው መሐል ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ወዳለው የወታደሮች መቃብር ተዛወረ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከመጀመሪያውም ቦታው እዚያ ነበር።

«ኦል ሚስ» ግን እንዳለ አለ፤ ባሪያዎች የጌታቸውን ሚስት ይጠሩበት የነበረው ስም ነው። «ሬብልስ»ም አለ። ሁለቱም ቲሸርትና ኮፍያ ላይ ታትመው በየሱቁ ይሸጣሉ። ገንዘብ እስካስገቡ ድረስ የሚነካቸው ያለ አይመስለኝም።