የአዋቂ ሰው የሌሊት ጨርቅ

በመኝታው ሽንት የሚያመልጠው አዋቂ ሰው፣ ለዚህ ድካም የዳረገው እርጅናም ይሁን ደዌ፣ የወሊድ ጉዳትም ይሁን የነርቭ ሕመም፣ ለብዙ ዘመን ሌሊቱን የሚያሳልፍበት መላ ርጥበት የሚመጥ ጨርቅ ከበታቹ አንጥፎ የራሰውን ሳይነጋ ከመለወጥ እምብዛም አያልፍም ነበር። ጨርቁ ያረጀ ሸማ ወይም የተጣፈ አቡጀዲ፣ አጣቢዋም አብዛኛውን ጊዜ ሚስት፣ ምራት ወይም ሴት ልጅ ነበረች፤ የነገሥታትን ዘመቻ በየወሩ የቆጠሩ ጸሐፍያነ ታሪክ ስለዚህች ሴት ድካም እምብዛም አለመጻፋቸው ያሳዝነኛል።

ጨርቅ ይመጥጣል እንጂ አያግድምና ፍራሹን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልግ ነበር። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ናፍታ ያሟሟውን ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል አጣብቆ፣ ውኃ የማያሳልፍ ልብስ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ1823 አስመዘገበ፤ ይህ ጨርቅ ግን በብርድ የሚደድር፣ በሙቀት የሚጣበቅ ስለ ነበረ፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አግሎ የማጽናቱን ጥበብ በ1844 በስሙ እስካስመዘገበ ድረስ ለሕሙማን አልጋ የሚታመን የጎማ አንሶላ ሊገኝ አልቻለም። አንሶላው ፍራሹን አዳነ፤ ያገደው ርጥበት ግን ከገላ ጋር እያደረ ቆዳን ስለሚያቆስል ሕመምተኛውን አላሳረፈውም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ኪምበርሊ ክላርክ የተባለው ኩባንያ ከእንጨት ልም ለቁስለኞች የሠራው መጣጭ ነገር፣ ተጠቅሞ መጣልን ለዓለም አስተማረ፤ በ1961 ደግሞ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል መሐንዲስ የነበረው ቪክቶር ሚልስ ከባልደረቦቹ ጋር የደከመበት ፓምፐርስ ለሕፃናት ወጣ። የአዋቂው ዳይፐር ግን በቴሌቪዥን በይፋ የተነገረለት በ1980ዎቹ፣ ዝነኛዋ ተዋናይት ጁን አሊሰን ዲፔንድ ለተባለው ምርት ፊቷን ሳትሸፍን ስትመሰክር ነበር። የአዋቂ ሽንት ከሕፃን እጅግ ስለሚበዛ የእንጨት ልም ብቻውን እንደማይበቃ አልክድም፤ ዳሩ ግን ከጥበብ ጉድለት ይልቅ ያዘገየው ሐፍረት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተከበረ ሰው ችግሩን ለሐኪሙ እንኳ ካልተናገረ ነጋዴው ከየት ሊሰማ ይችላል?

የልሙን ጉድለት የሞላው፣ ፈሳሽ ሲነካው ወደ ዝልግልግነት የሚለወጥ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ንጹሕ ውኃ ሲይዝ፣ ሽንት ጨው ስላለበት ግን የሚይዘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ውኃውን ቢጫኑት እንኳ ስለማይለቅ፣ ገላው በአንጻራዊነት ደርቆ እንዲያድር አስችሏል። አረጋውያን በበዙባት በጃፓን፣ ዩኒቻርም የተባለው ኩባንያ በ2011 ገደማ ከሕፃናት ይልቅ ለአዋቂዎች የሸጠው መብለጡ ተነግሯል።

በአገራችን ይህን መከራ እርጅና ሳይደርስባቸው የተሸከሙ፣ በተራዘመ ምጥ ፊስቱላ ያገኛቸው እናቶች ናቸው። የሕፃኑ ራስ ለቀናት የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ሲሞት በፊኛና በማሕፀን መውጫ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከዚያም ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ስለሚፈስ፣ እንግዲህ የትኛው ጨርቅ ይበቃቸዋል? እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1974 ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ብዙዎችን በቀዶ ሕክምና ፈወሰ፤ ቀዳዳው ተደፍኖላቸውም ሽንት የሚያመልጣቸው ግን አልታጡም፤ ፈጽመው ላልዳኑትም ደስታ መንደር ተመሠረተላቸው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የሚጣለው ዳይፐር የሚታጠበውን ጨርቅ ከቤታችን አላስወጣውም። ዋጋው ለየሌሊቱ በማይደረስበት ቤት፣ በአልጋው ላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የተደራረበ ጥጥ ይነጠፋል፤ ላስቲኩ ገላውን እንዳይነካ፣ ጨርቁም በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ እንዲደርቅ ከተጠነቀቁለት፣ መላው አሁንም ይሠራል፤ ለመለወጥ ሌሊት የሚነሣ ሰው ግን ያስፈልገዋል።