ዙላ፦ ከአዱሊስ የተረፈ ስም

ከምጽዋ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቀይ ባሕር ወደ የብስ ጠልቆ በሚገባበት ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ ዙላ የምትባል ትንሽ የኤርትራ መንደር አለች። የአካባቢው ሰው ከባሕሩ ዓሣ ያወጣል፣ በሜዳው ፍየልና ግመል ያረባል። ከመንደሯ አጠገብ ያለው የጥቁር ድንጋይ ፍርስራሽ ደግሞ የአክሱም መንግሥት የባሕር በር የነበረችው አዱሊስ ነው። ዙላ የሚለው ስም ከአዱሊስ የወረደ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይቀበሉታል። ከተማዋ ከጠፋች ከሺህ ዓመት በላይ ቢሆንም ስሟን የባሕሩ ዳር ሰው በአፉ ይዞ አቆይቶታል።

አዱሊስ የሚለው ስምስ ከየት መጣ? በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ከተማዋን የመሠረቷት ከግብፅ ጌቶቻቸው ያመለጡ ባሮች ናቸው ብሎ ጽፏል። ይህን ወሬ የወለደው የስሙ ድምፅ ይመስለኛል። በግሪክኛ «ዱሎስ» ባሪያ ማለት ነው፤ ከፊቱ «አ» ሲጨመርበት «ባሪያ ያልሆነ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ግሪኮች የባዕድ አገር ስም ሲሰሙ በራሳቸው ቋንቋ መፍታት ይወዱ ነበር። እኔ ፕሊኒን አላምነውም። በ1906 እ.ኤ.አ. በቦታው የቆፈረው ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ፓሪቤኒ ከአክሱም ዘመን ሕንፃዎች ሥር ገና የቆየ የሰው መኖሪያ ማግኘቱም የቦታው ታሪክ ከግሪክ ነጋዴዎች መምጣት በፊት እንደሚጀምር ያሳያል።

በዚያው በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለ መጽሐፍ አዱሊስን መካከለኛ መንደር ይላታል። የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ከደጋው ይወርዱላት ነበር፤ ከአክሱም የስምንት ቀን መንገድ ነው። የኤሊ ቅርፊት የሚያመጡላት ደግሞ መጽሐፉ «ዓሣ በሎች» የሚላቸው የደሴቶቹ ሰዎች ነበሩ። የዓሣ አጥማጁ ኑሮ ከንግዱ ዝና ያነሰ ዕድሜ የለውም ማለት ነው።

በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በየመን ወዳለችው ሕምያር ለመዝመት ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ እዚህ ነበር። ንጉሡ ባዘዘው መሠረት በከተማዋ የቆሙ ሁለት የግሪክኛ ጽሑፎችን ገለበጠ። አንደኛው የግብፁ ገዥ ሦስተኛው ጦሌሚ ከዚህ አገር ስለታደኑ የጦር ዝሆኖች የተናገረበት ነው። ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ኮስማስ ባይገለብጣቸው ኖሮ ቃላቸውም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ከጦሌሚ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ደግሞ ዝሆኖች በባሕር ተጭነው ወደዚሁ ዳርቻ መጡ። በ1867 እና 1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው በዙላ በኩል ሲሆን፣ 44 የሕንድ ዝሆኖች ከባድ መድፎቹን ተሸከሙ። በቦታው ለጦሩ የሚበቃ ንጹሕ ውኃ ስላልነበረ በመርከቦች ላይ የባሕር ውኃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ለሰውና ለከብት ያጠጡ ነበር። ወደ ተራራው ግርጌ የዘረጉትን የባቡር ሐዲድም ሲመለሱ ነቅለው ወሰዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ምሽጋቸው መቅደላ ወድቃ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በመንገድ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ የተጫነው ከዙላ ነው። ዳግመኛ አገሩን አላየም።

እንግሊዞች ባሕረ ሰላጤውን ቀደም ሲል ቀይ ባሕርን በቃኘው በጆርጅ አንስሊ የቤተሰብ ስም «አንስሊ ቤይ» ብለውት ነበር። ዛሬ መጠሪያው የዙላ ባሕረ ሰላጤ ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው በፍርስራሹ መሐል የአክሱምን ሕንፃዎች የሚመስሉ ደረጃ ደረጃ መሠረቶችን ያያል። በባሕረ ሰላጤው አፍ ተራራማዋ የዲሴ ደሴት አለች፤ የጥንት መርከቦች ከየብስ የሚመጣ ጥቃት ሲፈሩ መልሕቅ የሚጥሉት እዚያ ነበር። በስተምሥራቅ ያለው የቡሪ ልሳነ ምድር ሰጎንና የሜዳ ፍየል አለው።

ስለ ዓለማየሁ የምትጽፉ ሁሉ ከመቅደላ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ አትዝለሉ፤ ከአገሩ የተለየባትን ዙላንም በስሟ ጥሩ።