ባለጠመንጃና ጥይት አምጪ

ጠመንጃ የያዘ ሰው ኃይሉ ሁሉ በእጁ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ጥይት ግን በተተኮሰ ቍጥር ያልቃል፤ ያለቀውንም አምጥቶ የሚተካ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ባለጠመንጃ የሆነ ሁሉ ዘወትር በመንገድ ላይ ያለ አንድ ሰው ይጠብቃል፤ ይኸውም ጥይት አምጪው ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ተኳሹና ስለ ጦር መሪው ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ አምጪው የጻፉት ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ጥይት አዛዡና ጥይት አምጪው በአገራችን ታሪክ እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ከሁለቱም ማንኛው ለማን ተገዢ እንደ ነበረ በአጭሩ እንመለከታለን።

ነገሩ ዛሬም ያላለፈ መሆኑን ለማስረዳት አስቀድመን ወደ አሜሪካ አገር ዘወር እንበል። በዚያ አገር ባለጠመንጃው ከቤቱ ሳይወጣ ጥይት ያዝዛል፤ የጭነት መኪና ነጂም ከደጁ ድረስ ያመጣለታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ተራው ሰው ጥይትን ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው እንዳያስልክ ከልክሎ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ግን ያንን ክልከላ አነሣው። የመንግሥቱ ፖስታ ቤት ጥይት አይቀበልም፤ የሚያደርሱት የግል ማመላለሻ ኩባንያዎች ናቸው። ሣጥኑ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ብዙ ነውና፣ በላዩም ምልክት ተለጥፎበታልና ነጂው ምን እንደ ተሸከመ ለመገመት አይቸገርም። ሁለቱ ሰዎች በደጅ ይተያያሉ፤ አንዱ ይቀበላል፤ ሁለተኛው መንገዱን ይቀጥላል። መገናኘታቸው እንደዚህ የቀለለው ሕግ መንገዱን ስለ ጠበቀላቸው ነው። በእኛ አገር ግን ይኸው መገናኘት ብዙ ወራት የሚፈጅ፣ አልፎ አልፎም የሰው ነፍስ የሚጠፋበት ነበር።

በጥንት ዘመን ባለጠመንጃው ጥይት አምጪ ብዙ አያስፈልገውም ነበር። ጠመንጃው ከአፈ ሙዙ የሚጐርስ ስለ ሆነ ባሩዱን ከድኝና ከከሰል ከሌላም ቅመም ጋራ እየወቀጠ በአገሩ ያዘጋጅ ነበር፤ እርሳሱንም አቅልጦ አረር ያደርገው ነበር። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ሕዝቡ ስለ መዘግየቱ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያለ ይዘብትበት ነበር። ነገር ግን ያ ዘገምተኛ ጠመንጃ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ጌታውን ለሩቅ አገር ሰው አላስገዛውም።

ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድመው የተረዱት ዓፄ ቴዎድሮስ ይመስላሉ። እርሳቸው ከአውሮጳ አጥብቀው የፈለጉት ከተሠራው መሣሪያ ይልቅ ሠሪውን ነበር። በጋፋት የነበሩትን የውጭ አገር ሰዎች መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው፤ ታላቁም ሴባስቶፖል በዚያ ተሠራ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ግን ዘገየ፤ ንጉሡም ተቈጥተው የእንግሊዝን ቈንስልና ሌሎችን ሰዎች አሰሩ። በመጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት አንዳንድ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ ላከ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ ላይ እንዳይወጡ ስለ ታዘዙ ከባሕሩ ዳር ቆይተው ተመለሱ። የታዘዘው ነገር ከወደቡ ደርሶ ወደ አዛዡ እጅ ሳይገባ ቀረ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ግን ወደ መቅደላ የወጣው ሌላ እጅ ሆነ፤ የናፒየር ጦር ነበር፤ የያዘውም ከኋላው የሚጐርስ ሰናድር የተባለ ጠመንጃ ነበር።

ሰናድርና ከእርሱ በኋላ የመጡት ረሚንግተን፣ ውጅግራ፣ የቀሩትም ሁሉ ባሩዱና እርሳሱ በአንድ ቀለህ ተጠቃልሎ የተዘጋጀ ጥይት ይፈልጋሉ። ያንን ቀለህ መሥራት ብርቱ መኪናና ረቂቅ ቅመም ይጠይቃል፤ የአገሩ ቀጥቃጭ በወናፉና በመዶሻው ሊያደርሰው አይችልም። ስለዚህ ጠመንጃው በፈጠነ መጠን ጌታው ጥገኛ ሆነ። በ1868 ዓ.ም. የዓፄ ዮሐንስ ሠራዊት በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል አድርጎ ብዙ ረሚንግተን ከነጥይቱ ማረከ። በዚያን ጊዜ ጥይት አምጪ የሆነው ጠላት ራሱ ነበር። ነገር ግን ምርኮ እንደ ዝናም ነው፤ ሲመጣ ይመጣል እንጂ ተቀጥሮ አይመጣም። የተማረከው ጥይት ሲያልቅ ባለጠመንጃው እንደገና ወደ ባሕሩ መንገድ ማየት ግድ ሆነበት።

ከባሕር ወደ ሸዋ የሚያመጣው መንገድ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ወደ አንኮበር የሚወጣው ነበር። ግመሉ የአፋር ነው፤ ውኃው ያለበትን የሚያውቀው አፋር ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ አንድ ሣጥን ጥይት እንኳ አያልፍም። ከፈረንጅ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ዕድላቸውን በዚህ መንገድ ሞከሩ። ከእነርሱም አንዱ በወጣትነቱ በአገሩ በፈረንሳይ ባለቅኔ ሆኖ ስሙ የተነሣው፣ በኋላ ግን ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ ነው።

ራምቦ በ1878 ዓ.ም. ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋራ ተባብሮ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ለማምጣት ተነሣ። ጠመንጃዎቹ አውሮጳ የጣለቻቸው አሮጌዎች ነበሩ፤ እርሱም ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ አንዱ በሊዬዥ ከተማ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ተገዝቶ በሸዋ በ40 ፍራንክ እንደሚሸጥ ነግሯል። ትርፉ ብዙ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በታጁራ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በመጀመሪያ የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ ወደ ሸዋ እንዳይገባ ከለከለ፤ ቀጥሎ ላባቱ ታምሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ ሊተካው የታሰበው ሶሌዬም ሞተ። በዚያው ዘመን ባራል የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከሚስቱና ከተከታዮቹ ጋራ በበረሓው ተገደለ። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ብቻውን ጭነቱን ይዞ ተነሣ፤ አራት ወር ያህል ተጕዞም በጥር መጨረሻ አንኮበር ደረሰ።

በደረሰ ጊዜ ግን አዛዡ በቤቱ አልነበረም። ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር፤ ወደ እንጦጦም የተመለሱት ግብፆች በሐረር ትተውት ከሄዱት መሣሪያ ጋራ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የሁለቱን መገናኘት ተመልከት። አንዱ ለመሣሪያ የነበረው ጥማት ቀንሶለታል፤ ሁለተኛው ግን ጭነቱን መልሶ ለመውሰድ አቅም የለውም። ራምቦ በኋላ ለፈረንሳይ ቈንስል እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ ዕቃውን በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉት፤ እምቢ ቢል ወደ ባሕር እንደሚመልሱበት አስታወቁት፤ ለጠቅላላውም 14,000 ብር ቈረጡለት። ከዚያውም ላይ 2,500 ብር ለቀረው የግመል ኪራይና ለመንገድ ወጪ፣ 3,000 ብር ላባቱ የንጉሡ ዕዳ አለበት ተብሎ ተቀነሰ። የላባቱ ሌሎች ባለዕዳዎችም ከየአቅጣጫው መጥተው ከበቡት። ለቀረው ገንዘብ የተሰጠው የማዘዣ ወረቀት ነበር፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከደጃዝማች መኰንን ለመቀበል እስከ ሐረር መሄድ ነበረበት።

በዚህ ታሪክ የነጋዴው ጩኸት ተጽፎ ቀርቷል፤ የንጉሡም ብልህነት ታውቋል። ነገር ግን ጭነቱን በእውነት ያመጡት ግመለኞች ስማቸው በአንድ ስንኳ ወረቀት አልተጻፈም፤ የታወቀው ኪራያቸው ብቻ ነው። ሆኖም ኪራዩ ከሁሉ አስቀድሞ ከሒሳቡ መቀነሱ አንድ ነገር ያስረዳል። ነጋዴ ቢከስር ሌላ ነጋዴ ይመጣል፤ ግመለኛው ከተቀየመ ግን መንገዱ ይዘጋል፤ ንጉሡም ይህን ዐውቀዋል።

ምኒልክ ከዚህ ዘመን ጀምሮ ዓይናቸውን በአንድ በር ላይ ብቻ አላሳረፉም። ከፈረንሳይ ነጋዴዎች እየገዙ ከኢጣልያም ይቀበሉ ነበር። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ኢጣልያም በ17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያን በጥግነት ይዣለሁ አለች። በዚያው ጊዜ ያህል በብራስልስ የተሰበሰቡት መንግሥታት አዲስ ዓይነት መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ተስማሙ። ኢጣልያ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ለማባበል ስትል ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ጥይቱ ገቢ ከሆነ በኋላ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዐድዋ ኢጣልያ ጥይት የላከችለት ሠራዊት ድል አደረጋት። ጥይት አምጪ የሆነ መንግሥት ጥይት ተቀባዩን የገዛ መስሎት ቢሳሳት ውጤቱ እንዲህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥይት በአገራችን ገንዘብ እስከ መሆን ደረሰ። በብዙ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው የብር መመንዘሪያ ሆኖ ይሰጥ ይቀበል ነበር። ባለጠመንጃው በዝናሩ የታጠቀው መከላከያውን ብቻ ሳይሆን ሀብቱንም ነበር፤ አንድ ጊዜ በተኰሰ ቍጥር ገንዘቡን እንደ በተነ ይሰማው ነበር። የወደቀውንም ቀለህ እየለቀመ ባሩድና እርሳስ መልሶ ያጐርሰው ነበር። ይህ ሁሉ የሚያሳየን ጥይት አምጪው ከሩቅ መሆኑንና መምጫው ያልታወቀ መሆኑን ነው።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ ድካም ቀረ፤ ጥገኝነቱ ግን አልቀረም። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በመካከላቸው ስለ መሣሪያ መግቢያ ተዋውለው ነበር፤ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ የገባችበት ውል ተፈረመ። ሆኖም መግቢያ በሮቹ ሁሉ በባዕድ እጅ ነበሩ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም የመሣሪያ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ነገሩ ለሁለቱም እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዷ ጥይቷን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ሁለተኛይቱ ግን ከባሕር ማዶ ትጠብቃለች። ጦርነቱ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በኢትዮጵያ ላይ የነበረው ክልከላ ተነሣ፤ ከበርበራ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድም ጥቂት መሣሪያ በጭነት መኪና ይገባ ነበር፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። የሠራዊቱ ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ስለ ሆነ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ቢያልቅበት ሊያበድረው አይችልም ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ጠመንጃው የእኛ፣ ጥይቱ የሌላ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን በጠላት ወረራ ዘመን አዲስ ዓይነት ጥይት አምጪ ተነሣ። የውስጥ አርበኞች የሚባሉት ወንዶችና ሴቶች ከጠላት ግምጃ ቤትና ከጠላት ወታደሮች እጅ ጥይት እያገኙ በየዱሩ ላሉት አርበኞች ያደርሱ ነበር። ከእነርሱም ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ሰጥተው መሣሪያና ወሬ ለአርበኞች በማቀበል ታውቀዋል፤ ስለዚህም ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። እነዚህ አምጪዎች ቀብድ የተቀበለላቸው፣ የማዘዣ ወረቀት የጻፈላቸው የለም። አርበኛው ከእነርሱ የተቀበለው ጥይት ቍጥሩ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን በበሩ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚቀንስ ንጉሥ፣ ፈቃድ የሚከለክል መንግሥት፣ ኪራይ የሚጠይቅ ነጋዴ በመካከላቸው አልነበረም።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ ሁለት ነገር ልብ ይላል። መጀመሪያ፣ ጥይቱን በገዛ አገሩ የማይሠራ ሕዝብ ጠመንጃው ቢበዛም ጦርነቱን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በአምጪው ፈቃድ መሆኑን ነው። ሁለተኛም፣ የድሉ ታሪክ ሲነገር ከተኳሹ ስም አጠገብ የአፋሩ ግመለኛና ጥይት በልብሷ ሸሽጋ የተላከችው ሴት ሊታሰቡ ይገባቸዋል። ከእነርሱ መካከል ስማቸው የተጻፈላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ታሪካቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬም በየቤቱ አይጠፉምና፣ የሚችል ሁሉ ጠይቆ ይጻፍ።